የ366ቱ ቡድኖች፦ ማን ተቆጠረ? ማንስ ቀረ?



ተማሪ ባለበት ክርክር አይጠፋም። የማኅበራችን አባላትም በዚህ ረገድ ከማንም አናንስም። ይሁን እንጂ ሰሞኑን በማደሪያ ቤቶች ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የሚካሄደው ክርክር ከወትሮው የተለየ ነው። ጉዳዩ ቤዝቦል ነው። ከመካከላችን አብዛኞቹ ዱላውን በእጃቸው ነክተው የማያውቁት ቤዝቦል!

ከአሜሪካ የመጡ የትምህርት ጓደኞቻችን ያስለመዱን ጨዋታ በአጭሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አንድ ቀን ይመረጣል። ከዚያም ከ1870ዎቹ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በሜጀር ሊግ ከተጫወቱት ሁሉ በዚያ ቀን የተወለዱት ብቻ ተለቅመው አንድ ቡድን ይቋቋማል። ወርዋሪው፣ ከመቺው ጀርባ የሚቀመጠው ቀላቢ፣ ሦስቱ የቤዝ ጠባቂዎች፣ ሾርትስቶፑና ሦስቱ የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች ሁሉም የአንድ ቀን ልጆች መሆን አለባቸው። ዓመቱ አይጠየቅም። በዕድሜ ቅድመ አያትና የልጅ ልጅ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በመዝገብ የሰፈሩት ተጫዋቾች ከ20 ሺህ በላይ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ቀን በአማካይ ከ50 የማያንሱ ይደርሱታል። እንግዲህ 366 ቀን፣ 366 ቡድን! (በዚህ ጽሑፍ ቀንና ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር የምናስቀምጠው መዝገባቸው በዚያ ስለሆነ ነው።)

“ይህ የልጆች ጨዋታ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?” የሚል አንባቢ አይታጣም። እኛ በበኩላችን ጨዋታውን እንወደዋለን። የምንጽፈውም ስለምንወደው ነው። የልደት ቀን ሀብታምና ድሀ፣ ነጭና ጥቁር አይለይም። እንዲህ ዓይነቱ ዕጣ ከአድልዎ የጸዳ ይመስላል። ችግሩ ያለው ከቀኑ አይደለም፤ ስሞቹ ከሚለቀሙበት መዝገብ ነው። መዝገቡ ማንን እንደጻፈና ማንን እንደዘለለ ሳይጠየቅ የሚቋቋም ቡድን፣ የቱንም ያህል ቢያስደስት፣ ጎዶሎ ቡድን ነው። ክርክራችን ይህ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ግን የጨዋታውን ጣዕም እንቅመስ።

ጃንዋሪ 31ን እንውሰድ። በዚህ ቀን ጃኪ ሮቢንሰን በ1919፣ ኤርኒ ባንክስ በ1931፣ ኖላን ራያን በ1947 ተወለዱ። ሦስቱም ኩፐርስታውን በሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ሮቢንሰን ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ሜዳ በመግባት በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነ ሰው ነው። የለበሰው 42 ቁጥር ከ1997 ጀምሮ በሁሉም ክለቦች ዘንድ ለማንም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ባንክስ ለቺካጎ ካብስ ሲጫወት 512 ሆም ረን መትቷል። ራያን ደግሞ 5714 መቺዎችን በስትራይክ አውት ያሰናበተ፣ ለተጋጣሚው አንዲት ምት እንኳ ያልፈቀደበትን ግጥሚያ ሰባት ጊዜ የፈጸመ ወርዋሪ ነው። እስቲ ቀኑን ልብ እንበል፦ ራያን በቴክሳስ በተወለደባት ዕለት ሮቢንሰን 28 ዓመት ሞላው፣ ባንክስ 16። ሁለቱ ጥቁር ተጫዋቾች የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስን መለያ በየጊዜያቸው ለብሰዋል። ሞናርክስ የጥቁሮች ክለብ ነበር። ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

ኖቬምበር 21 ደግሞ ከዚህ የባሰ አስገራሚ ነው። ስታን ሙዚያል በ1920፣ ኬን ግሪፊ ታናሹ በ1969 በዚሁ ቀን ተወለዱ። የቀኑ መገጣጠም ይሁን ይባል፤ የተወለዱባት ከተማም አንድ ናት፤ ዶኖራ፣ ፔንሲልቫኒያ፤ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ከተማ። ሙዚያል በዕድሜው 3630 ጊዜ መትቷል፤ ከእነዚህ 1815ቱ በገዛ ሜዳው፣ 1815ቱ በሰው ሜዳ። በሚዛን የተመዘነ ይመስላል። ግሪፊ 630 ሆም ረን አስቆጥሯል። ሁለቱም ግራኞች፣ ሁለቱም የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች ነበሩ። አንዲት ትንሽ ከተማ ለአንድ ቀን ቡድን ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ማዋጣቷ በሒሳብ ተማሪዎቻችን ዘንድ ያስነሣው ጭቅጭቅ ገና አልበረደም።

የፈረንጆቹ ገና ቡድን ማለትም የዲሴምበር 25 በሪኪ ሄንደርሰን ይመራል። ሄንደርሰን በ1958 በቺካጎ እናቱ ሐኪም ቤት ሳትደርስ በመኪና ውስጥ የተወለደ ሲሆን 1406 ቤዞችን ሰርቋል። (መስረቅ በአደባባይ የሚያስከብርበት ሙያ ይህ ብቻ አይደለም የሚል ጓድ አለን፤ ነገሩን ለእሱ እንተዋለን።) የእኛን ገና የፈለገ ደግሞ ጃንዋሪ 7ን ይይ፤ በ1913 የተወለደው ኃይለኛው መቺ ጆኒ ማይዝ ታኅሣሥ 29 ቀን 1905 ዓ.ም. ተወለደ ማለት ነው። እሱ ይህን ሳያውቅ አልፏል። ፌብሩዋሪ 29ም ቡድን አለው፤ በ1904 የተወለደው ፔፐር ማርቲንና በ1924 የተወለደው አል ሮዘን ዋነኞቹ ናቸው። በጳጉሜን 6 ተወልዶ በየአራት ዓመቱ ልደቱን የሚያከብር ዘመድ ያለን ሁሉ የእነሱን ነገር በቀላሉ እንረዳለን።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጃችን “በዕጣ የተቋቋመ ቡድን ስለሆነ ፍጹም ፍትሐዊ ነው” ሲል ተከራከረን። የለም! ቀኑ ራሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ ዕጣ አይደለም። በአሜሪካ የልጆች ቤዝቦል ሊግ ውስጥ ዕድሜ የሚለየው ወሰን ለረጅም ዓመታት ጁላይ 31 ነበር። ኦገስት መግቢያ ላይ የተወለደ ልጅ ከዕድሜ ምድቡ ትልቁ ሲሆን ጁላይ መጨረሻ ላይ የተወለደው ትንሹ ይሆናል። በአሥር ዓመት ዕድሜ የአሥራ አንድ ወር ልዩነት በጉልበትም በቁመትም ብዙ ነው። ትልቁ ልጅ ይመረጣል፤ የተመረጠው የበለጠ ይሠለጥናል፤ የሠለጠነው እንደገና ይመረጣል። ውጤቱም አሜሪካ ከተወለዱት የሜጀር ሊግ ተጫዋቾች መካከል የኦገስት ልጆች ከጁላይ ልጆች በግልጽ የሚበልጡ መሆናቸው ነው። እንግዲህ የኦገስት ቡድኖችን መርጦ ሁልጊዜ የሚያሸንፈን ጓደኛችን ምሥጢሩ ታወቀበት።

ይህ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ዋናው ነገር ዲሴምበር 21 ላይ ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሜጀር ሊግን ይፋዊ መዝገብ ይዞ የዲሴምበር 21ን ቡድን የሚያቋቁም ሰው በ1887 የተወለደውን ሳይ ዊሊያምስንና በ1948 የተወለደውን ዴቭ ኪንግማንን ያገኝ ነበር። ሁለቱም ኳስን አርቀው የሚመቱ ነበሩ፤ ኪንግማን 442 ሆም ረን አለው። የቀላቢነቱን ቦታ ግን በማን ይሞላዋል? በ1911 በዚሁ ቀን በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ጆሽ ጊብሰን ተወልዷል። ጊብሰን ቀላቢ ነበር። ጊብሰን በዘመኑ ከነበሩት መቺዎች ሁሉ ምናልባት የመጨረሻው ታላቅ ነበር። ይሁንና በመዝገቡ አልነበረም። ለምን? ጥቁር ስለነበረ ነዋ!

እንደሚታወቀው በ1884 ሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከር ለቶሊዶ ከተጫወተ ወዲህ የሜጀር ሊግ በር ለጥቁሮች ተዘጋ። በሕግ የተጻፈ ክልከላ አልነበረም፤ የክለብ ባለቤቶች እርስ በርስ ተግባብተው ብቻ ከ60 ዓመት በላይ ዘጉት። ያልተጻፈ ሕግ ከተጻፈው ይልቅ ለመሻር እንደሚያስቸግር ይህ አንዱ ማስረጃ ነው። ጥቁሮቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በፌብሩዋሪ 1920 ሩብ ፎስተር የተባለው የቀድሞ ወርዋሪ የክለብ ባለቤቶችን በካንሳስ ሲቲ ሰብስቦ የኒግሮ ናሽናል ሊግን አቋቋመ። ሌሎች ሊጎችም ተከተሉ። የራሳቸው ክለብ፣ የራሳቸው ዋንጫ፣ የራሳቸው ተመልካችና ጋዜጣ ነበራቸው። በ1930ዎቹ አጋማሽ የነበረው ፒትስበርግ ክሮፎርድስ ጆሽ ጊብሰንን፣ ሳቸል ፔጅን፣ ኩል ፓፓ ቤልን፣ ኦስካር ቻርልስተንንና ጁዲ ጆንሰንን በአንድነት አሰልፏል። አምስቱም ኋላ የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። እኛ በወረቀት ላይ በልደት ቀን ስንለቃቅም የምናድርለትን ዓይነት ቡድን እነሱ በአንድ አውቶቡስ ጭነው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር።

ጊብሰን ጃንዋሪ 20 ቀን 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ሮቢንሰን ሜዳ የገባው ከዚያ በኋላ በ85ኛው ቀን ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። በ1969 ሜጀር ሊግ አምስት አባላት ያሉት ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ በታሪክ ውስጥ የትኞቹ ሊጎች “ሜጀር” ተብለው እንዲቆጠሩ አስወሰነ። አምስቱም ነጮች ነበሩ። ስድስት ሊጎች ተመረጡ። የጥቁሮቹ ሊጎች ተመርምረው የወደቁ አይምሰላችሁ፤ ጨርሶ ለምርመራ አልቀረቡም። ነገሩን የበለጠ የሚያስተዛዝበው ደግሞ ከተመረጡት መካከል በ1884 ለአንድ ዓመት ብቻ ኖሮ የፈረሰው፣ በጥራቱም ብዙ የሚባልበት ዩኒየን አሶሲዬሽን መገኘቱ ነው። ለአንድ ዓመት የኖረው ሊግ “ሜጀር”፣ አሥርት ዓመታት የዘለቁት ሊጎች ባዶ ቦታ!

ይህ የታረመው በዲሴምበር 2020 ነው። ሜጀር ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች እኩል ደረጃ እንዳላቸው አወጀ። በሜይ 2024 ደግሞ ከ2300 በላይ የሚሆኑ ተጫዋቾች አኃዝ ከይፋዊው መዝገብ ጋር ተዋሐደ። በዚህም ምክንያት በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ ለዘመናት አንደኛ የነበረው ታይ ኮብ በሺህ 367 ይዞ ወደ ሁለተኛነት ወረደ፤ ጆሽ ጊብሰን በሺህ 372 አንደኛ ሆነ። ዊሊ ሜይስም በ1948 ለበርሚንግሃም ብላክ ባረንስ የመታቸው አሥር ምቶች ተጨምረውለት ድምሩ 3293 ደረሰ። ሜይስ ይህን ለማየት በቅቶ በሚቀጥለው ወር በ93 ዓመቱ አረፈ።

ይህን በተመለከተ ከጓደኞቻችን ጋር የነበረን ክርክር ጠንካራ ነበር። የተቃዋሚዎቻችንን ሐሳብ ሳናጣምም እናቅርበው። “የጥቁሮቹ ሊግ ዓመት አጭር ነበር፤ ስልሳና ሰባ ግጥሚያ ብቻ። መዝገቡም ጎዶሎ ነው፤ ሩብ ያህሉ ገና አልተገኘም። በ150 ግጥሚያ የተመዘነን ሰው በ60 ከተመዘነ ሰው ጋር ማወዳደር ሳይንሳዊ አይደለም” ይላሉ። ሐሳቡ ከነጥላቻው የመጣ አይደለም፤ ከስታትስቲክስ ተማሪ አፍ የወጣ ነው። ስለዚህ መልስ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ሜጀር ሊግ ራሱ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የተጫወተው 60 ግጥሚያ ብቻ ነበር፤ የዚያ ዓመት አሸናፊዎች ግን ያለ አንዳች ጥያቄ ተመዝግበዋል። ዓመቱ ያጠረባቸው ጥቁሮች ሲሆኑ ብቻ የሳይንስ ጥያቄ ለምን ይነሣል? ሁለተኛ፣ ከ1947 በፊት የነበረው የነጮቹ አኃዝ ሙሉ ነው ያለው ማነው? ቤብ ሩዝ 714 ሆም ረን ሲመታ በአንድም ይፋዊ የሊግ ግጥሚያ ጥቁር ወርዋሪ አልገጠመውም። ኮብም እንደዚሁ። የእነሱ መዝገብ በገጾች ብዛት ሙሉ ይሁን እንጂ በተጋጣሚ ረገድ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎን ከጎዶሎ ጋር እያስተያየን መሆናችንን ካመንን ማወዳደሩ ይቻላል።

ነገር ግን እኛም ልንጠነቀቅ ይገባል። በዝነኞች አዳራሽ የተሰቀለው የጊብሰን ሰሌዳ በሊግና ከሊግ ውጭ ባደረጋቸው ግጥሚያዎች ወደ 800 የሚጠጋ ሆም ረን እንደመታ ይናገራል። በይፋዊው መዝገብ የተቆጠሩለት ግን ከ200 በታች ናቸው። ልዩነቱ የመጣው የጥቁሮቹ ክለቦች ኑሯቸውን የሚገፉት በየከተማው እየዞሩ በሚያደርጉት የወዳጅነት ግጥሚያ ስለነበረ ነው፤ ያ ደግሞ በሊግ አኃዝ አይገባም። አንዳንድ ጓዶች ፍትሕ የሚሰጠው 800ውን በመጻፍ ይመስላቸዋል። እኛ አይመስለንም። ለጊብሰን የተረጋገጠው ይበቃዋል። የተነፈገውን ሰው በተጋነነ ቁጥር መካስ ተቃዋሚው ሁሉንም እንዲጠራጠር በር መክፈት ነው።

ስለ ልደት ቀን ከተነሣ ቀኑ ራሱ ምን ያህል የታመነ ነው የሚለውም መጠየቅ አለበት። ቤብ ሩዝ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1894 የተወለደ መስሎት ኖሯል። በ1934 ወደ ጃፓን ለመሄድ ፓስፖርት ሲያወጣ የልደት ወረቀቱ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1895 የሚል ሆኖ ተገኘ። በአንድ ወረቀት አንድ ቀን የጎደለው አንድ ዓመት! የፌብሩዋሪ 7 ቡድን ታላቁን ሰው አጣ፤ ፌብሩዋሪ 6 አተረፈ። ክብረ ወሰኑን በ1974 የሰበረበት ሄንሪ አሮን ደግሞ ፌብሩዋሪ 5 የተወለደ ነው፤ ጎረቤታሞች ሆኑ። ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ የሚመጡት ወጣቶችም ታሪክ አለ። ክለቦች የ16 ዓመት ልጅን በብዙ ገንዘብ፣ የ19 ዓመቱን በጥቂት ስለሚያስፈርሙ ዕድሜ መቀነስ የተለመደ ሆኖ ነበር፤ ከ2001 በኋላ የቪዛ ምርመራ ሲጠብቅ ብዙዎች በአንድ ሌሊት ሁለትና ሦስት ዓመት አረጁ። ጨዋታው ራሱም ቢሆን የውሸት ልደት ተሰጥቶታል። በ1907 አንድ ኮሚሽን ቤዝቦልን አብነር ደብልዴይ በ1839 በኩፐርስታውን ፈጠረው ሲል ደመደመ፤ ሰውዬው በዚያ ዓመት በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ነበር። ቢሆንም የዝነኞች አዳራሽ “መቶኛ ዓመቱን” አስታኮ በ1939 እዚያው ተመረቀ።

ሳቸል ፔጅ ግን ከሁሉም ይለያል። መዝገቡ ጁላይ 7 ቀን 1906 በሞቢል፣ አላባማ እንደተወለደ ያሳያል። እሱ ግን ዕድሜው ሲጠየቅ የልደቱ ቀን የተጻፈበትን መጽሐፍ ቅዱስ ፍየል በላው እያለ ጋዜጠኞችን ሲያጫውት ኖሯል። ክሊቭላንድ ያስፈረመው በ42ኛ ልደቱ በ1948 ነበር። በሴፕቴምበር 1965 ደግሞ በ59 ዓመቱ ለካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ሦስት ዙር ወርውሮ አንዲት ነጥብ ሳያስቆጥር ወጣ። ፍየሏ ቀልድ ናት፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ሀገሮች የጥቁር ልጅ ልደት በመንግሥት መዝገብ በወጉ ሳይሰፍር መቅረቱ ቀልድ አልነበረም።

ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያሳሰበን። የጥቁሮቹ ሊጎች መዝገብ ሲገለበጥ የልደት ቀናቸው ጨርሶ ያልታወቀ ተጫዋቾች ይገኛሉ። የአንዳንዶቹ የመጀመሪያ ስም እንኳ የለም፤ የቤተሰብ ስም፣ ክለብ፣ ዓመት፣ ጥቂት ምቶች፣ በቃ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ ተጫዋቾችም እንዲህ ያሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ተጫውተዋል፤ አሁን መዝገቡም ተቀብሏቸዋል። በእኛ ጨዋታ ግን ከ366ቱ ቡድኖች በአንዱም ቦታ የላቸውም!

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ወላጆቻችን የተወለዱበትን ቀን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ “ጣልያን በገባ በዓመቱ”፣ “ያ ክፉ ድርቅ የሆነ ጊዜ” ይሉናል እንጂ። የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ በሥርዓት የተጀመረው እንኳ በ2008 ዓ.ም. ነው። በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ቀኑን ስላላወቁት ብቻ በመታወቂያቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸው ይኖራሉ። የቤዝቦል ተጫዋቾች ቢሆኑ ኖሮ የጃንዋሪ 1 ቡድን የሚቻል አልነበረም።

ስለዚህ በማኅበሩ ክፍል ለሚደረገው ውድድር ሁለት ሐሳብ አቅርበናል። የመጀመሪያው፣ ከ2020 በፊት የታተመ መጽሐፍ ለብቻው መመረጫ እንዳይሆን፤ የጥቁሮቹ ሊጎች አኃዝ ያለበት መዝገብ ይቅረብ። ይህ ብዙ ሳያከራክር በድምፅ ብልጫ አልፏል። ሁለተኛው፣ የልደት ቀናቸው ያልታወቀ ተጫዋቾች የሚሰለፉበት 367ኛ ቡድን ይቋቋም፤ እንደማንኛውም ቡድን ይጋጠም። ይህም ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስም የመልቀሙ ሥራ ለታሪክ ተማሪዎቻችን ተሰጥቶ ወርዋሪዎች በርክተው ቀላቢ ግን አንድም አልተገኘም።

የቀረው የፔጅ ጉዳይ ነው። የጁላይ 7 ቡድንን የያዙት ጓዶች በመዝገቡ መሠረት የእኛ ነው ይላሉ፤ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቢሊ ኸርማንን ይዘው ፔጅን ከጨመሩ የሚችላቸው አይኖርም። የ367ኛው ቡድን ደጋፊዎች በበኩላቸው የፍየሏን ምስክርነት ይጠቅሳሉ። ባለፈው ሐሙስ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረን የማደሪያው ጥበቃ መብራት አጠፋብን። በሚመጣው ሐሙስ በዚያው ሰዓት እንቀጥላለን፤ መዝገብ ያለው ይዞ ይምጣ።